ቃለ ጉባኤ

ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ የቀበሌው አዳራሽ።
ሰዓት፦ ሦስት ተኩል ተብሎ፣ አምስት ከሩብ ላይ የተጀመረ።
አጀንዳ፦ ከመኖሪያ ሰፈራችን ዳር ሊቆም ስለታሰበው ባለ ስድስት ወለል የንግድ ማዕከል።
ጸሐፊ፦ እኔ።

ሰብሳቢው አቶ አንማው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣
ያንን ሰማያዊ ካርታ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣
«ይህ ልማት ነው» አሉ፤ እኔም «ልማት» ብዬ ጻፍኩት፤
የካርታው አንድ ጥግ ተገንጥሎ ሲወድቅ ግን አለፍኩት።

ኢንጂነር ሞላልኝ በቀጭን ዱላ እየጠቆመ፣
ምድር ቤቱን፣ ባንኩን፣ ካፌውን፣ ፎቅ በፎቅ ላይ አስቆመ።
ስድስት ወለል በቃል ተሠርቶ አለቀ በሩብ ሰዓት፤
እኛ ሽንት ቤት ለማስፈቀድ የዞርን ሁለት ዓመት።

ወይዘሮ ጠጅቱ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አደግድገው፣
የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን በጣታቸው አየር ላይ ዘርግተው፦
«እኔ ግቢ ፀሐይ የምትገባው ከአራት እስከ ዘጠኝ ነው፤
በርበሬዬን፣ ብቅሌን፣ የልጅ ልጄን ሽንት ጨርቅ የማደርቀው በሷ ነው።
ፎቁ ሲቆም ለፀሐይዋ ማን ይክሰኛል? በስንት ካሬ ሜትር?»
አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው፦ «እማማ፣ እባክዎ በአጭር።»
እኔም በአጭሩ «የካሳ ጥያቄ ቀርቧል» ብዬ ከተብኩ፤
ፀሐይዋን የማሰፍርበት መስመር ስላጣሁ ተውኩ።

ጡረተኛው አቶ እንየው አሮጌ ደብተር ዘርግተው፣
የሠላሳ ዓመት የሐምሌ ጎርፍ ቀን በቀን የመዘገቡ ሰው፣
«ውሃው የሚወርደው በዚህ ነው፤ እናንተ ብትዘጉት፣
በማን በር ሊገባ ነው?» ቢሉ፣
«በጥናት ይመለሳል» ብለው ደብተሩን አስዘጉት።

ከኋላ ወንበር ስሜነህ ብድግ አለ፤ ባጃጁን ከደጅ አቁሞ፣
አምስት ዓመት ዲፕሎማውን ሳጥን ውስጥ አጋድሞ፦
«እናንተ ጥላ ፈራችሁ፤ እኔ መጠለያ ነው ያጣሁት፤
ባሕር ዳርን ሥራ ፍለጋ ስንቴ ዞሬ አየሁት!»
ማንም አልሳቀ። የኔም እጅ ለአፍታ ገታ አለ፤
ታናሽ ወንድሜ እንደሱ ነው፤ ዛሬም ከቤት ተኝቶ የዋለ።

ባለሀብቱ አቶ ይርሳው አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤
የታሸገ ውሃ አስመጡ፤ እኛ ጠጣን፣ እሳቸው አልቀመሱም።

ከዚያ የኔታ ባንቴ፣ የቅኔ መምህሩ፣ መቋሚያ ተደግፈው፣
ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው፤
«ይሠራ እንጂ!» አሉ፤ «ምነው፣ ማን ይጠላል ከፍታ?
እኛም ለልማት እንነሣለን፣ በጠዋትም በማታ።
ከፎቁ ጥላ ሥር ያድርገን፤ ከዚያ በላይ ምን እንሻለን?
ድምፅ ስጡ ከተባልንም፣ እጃችንን እንሰጣለን።»

ሰብሳቢው ደስ አላቸው፤ ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ፤
ከኋላ ያሉ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሰበሰቡ።
«የሃይማኖት አባት ደግፈዋል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ።
ሰሙን መዝገቡ ላይ አፈሰስኩ፤ ወርቁን በጉያዬ ሸሸግኩ።

ድጋፍ፦ አርባ አንድ። ተቃውሞ፦ ሠላሳ ስምንት። ድምፀ ተአቅቦ፦ አንድ።
ተጨማሪ ጉዳይ፦ የለም።

አንዷ እኔ ነኝ። ጸሐፊ አትመርጥም የሚል ደንብ ፈልጌ አላገኘሁም፤
ቀኝ እጄ እስክሪብቶ ይዞ ነበር፤ ግራዬን ግን ማንም አልያዘኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በኮብልስቶኑ ቁልቁል ስወርድ፣
ወይዘሮ ጠጅቱ ገመዳቸውን ይፈታሉ ከባሕር ዛፉ ግንድ፤
ወደ ምሥራቅ ሦስት ክንድ ሊያሸሹት፣ ሳይቆፈር ገና መሠረቱ።
«ፀሐይዋን ጻፍሽልኝ?» አሉኝ፣ ቋጠሮውን በጥርስ እየፈቱ።
እኔም ቆምኩ። መዝገቡን ብብቴ ሥር አጥብቄ፣
«ገጹ ሞልቶ ነው፣ እማማ» አልኩ፤
ግማሹ ባዶ መሆኑን አውቄ።