ቁጥር የሌለው ማረፊያ

ጫማ በር ላይ ይቅር፤ ካልሲም ይውለቅ፤
ጡቡ ፍም ነውና ማንም ሳይቆም ይዝለቅ።
ስሜ ዶ ኦን ቺ ነው፤ «ዶ» ማለት እሜቴ፤
በዚህ በባጋን ሜዳ ስዞር ሠላሳ ዓመቴ።
ጉንጬ ላይ ያለው ቢጫ ታናካ ነው ስሙ፣
የዛፍ ልጥ ነው፣ ተፈጭቶ፤ ለፀሐይ ነው ጥቅሙ።
ውሃ ያልያዘ ካለ አሁን ይናገር፤
ወደፊት ሱቅ የለም፤ ጡብ ነው፣ ሰሊጥ ነው፣ አፈር።

ይህ መቅደስ ቁጥር አለው፤ በሩ ጎን ተጽፏል፤
መንግሥት ሁሉን ቆጥሮ በደብተር ይዟል።
ትልቁም ቁጥር አለው፣ ፍርስራሹ ትንሹም፣
ፍየል የሚያድርበት፣ ሰው የማይሳለመውም።
ግድግዳው ጋ ቅረቡ። ጡብ ከጡብ ሲገጥም
መርፌ አይገባም ይላሉ፤ ሞክሩ፣ ግድ የለም።
መርፌ የገባ እንደሆነ፣ ንጉሡ የግንበኛውን
ይቆርጥ ነበር አሉ፣ ከክርኑ በላይ፣ ክንዱን።
እውነት ነው ወይ? ትሉኛላችሁ። እኔ ምን አውቃለሁ?
ግድግዳው ዝም ካለ እኔ ምን እላለሁ?
ብቻ አንዳንዴ ሳስበው፣ ሰውዬው ማታ ቤቱ ሲገባ
ሁለት እጁን ቆጥሮ ይሆናል ራት የሚበላ።

ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ዓይናችሁ ይልመድ።
ቡድሃው ያው ተቀምጧል፤ ከሩቅ ፈገግ ያለ፣
ሲጠጉት ዝም የሚል፣ አንዳች የታዘበ የመሰለ።
እግሩ ሥር ጃስሚን አለ፣ የዛሬ፤ ከጎኑ ብርጭቆ ውሃ፤
አንድ ሰው ይዞት መጥቷል፣ በዚያ ሁሉ በረሃ።
ፎቶ ስትነሡ ጀርባ አትስጡት፤
እግርም አይዘርጋ ወደሱ።

ስንወጣ ጫማ ቆጠርሁ፤ አሥራ አንድ ጥንድ ነበር፤
አሁን አሥር ተኩል ነው። ውሻ ነው።
ሌላ ሌባ የለም በዚህ ሠፈር።
ግራሲንዳ የሚባሉ ሴትዮ፣ ባለምርኩዟ፣ ባንድ እግር ቆመው ሳቁ፤
የኔን ነጠላ ጫማ ሰጠኋቸው፤ እምቢ አሉ፤ ኋላ አጠለቁ።
እኔማ ይህን መሬት በባዶ እግር ነው የማውቀው፤
እሾሁን በየስሙ፣ አሸዋውን በሙቀቱ ነው የምለየው።

ከዚህ ሦስት መቶ እርምጃ ሁመር ዛፍ አለ፤ እንረፍ።
ካርታችሁ ላይ አታገኙትም፤ ቁጥር የለው፣ የለው ጽሑፍ።
«እዚህስ ምን ነበር?» አሉ ግራሲንዳ፣ ጫማዬን ተጫምተው።
«ጥላ ነው» አልኩ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ለጠየቀ ሁሉ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ዛሬ ግን እግሬ ባዶ ነው። አፈሩ አወቀኝ መሰል፤
አውራ ጣቴ አገኘችው የደጃችንን ድንጋይ፣
ብቅ ያለ፣ ጥርስ የሚያህል።
እዚህ ጋ ምድጃው። እዚያ አባቴ ቀርከሃ የሚሰነጥቅበት፣
ሳህን ጎንጉኖ ጥቁር ላክ የሚቀባበት፣
ጥፍሩ ሥር ያ ጥቁር ሳይለቅ የተቀበረበት።
አንድ ሳምንት ሰጡን። በድምፅ ማጉያ ተነገረ፤
ለጥንቱ ከተማ ክብር የዛሬው ሰው ተባረረ።
በበሬ ጋሪ ጫንን። አባቴ በሩን ከነመቃኑ ነቀለ፤
በተሰጠን ባዶ መሬት፣ ግድግዳ ሳይኖር፣ በር ተከለ።
እናቴ ስታየው ሳቀች፤ ከዚያ አልሳቀችም።
አንኳኩታ ገባች።
ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ነበር፤ በጎን ግን አልዞረችም።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ያልኩት ይሁን፣ በልቤ፣ አላውቅም።
ግራሲንዳ ደግመው አልጠየቁም።
ግንዱን ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ጫማዬን አወለቁ፤
ጎን ለጎን አኖሩት፣ አፉን ወደ ውጭ፣
በመቅደስ በር እንደሚደረገው።
ሌሎቹ ውሃ መጠጣት ረስተው
እግራቸውን ያያሉ።

በሉ ተነሡ። ቀጣዩ ቁጥር ሩቅ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድረስ፤
ያ ውሻም እዚያው ነው የሚያድረው፤
ጫማው ይገኝ ይሆናል፣ ሳይበጣጠስ።