ግራ ጥርስ

ከፍ ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም።
አባቴ ከወባ ማጥፊያ በሐራጅ ያወጣት ላንድሮቨር ናት፤
ሞተሯ ሲግል የዲዲቲው ሽታ ዛሬም ከወንበሯ አልለቀቀም።
ከጌራ ማዶ፣ ነሐሴ ላይ፣ ሆዷ ጭቃው ላይ ተኝቶ፣
እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ፣ ረዳቴ ግንድ ጎትቶ፣
ጨውና ቆርቆሮ እንደጫንን እዚያው ያደርን ለት
ማልኩ፦ ከእንግዲህ የዚች መኪና ሆድ አይነካም መሬት።

ባሌስትራ ደረብኩላት። ስድስት ጣት አነሳኋት።
ጭቃ የሚነክስ፣ ባለ ክራንቻ ጎማ አለበስኳት።
የቆጪ ልጆች "ግመሏ መጣች!" እያሉ ከኋላዬ ሮጡ፤
የባጃጁ ጣራ፣ የሰዉ አናት ከበታቼ ተቀመጡ፤
ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ደስታው ሰቃ መንገድ ላይ አለቀ።
ጉድጓድ በመታች ቁጥር መሪው ከእጄ እየተፈናጠቀ፣
ቀኝ ስላት ግራ፣ ቀጥ ስላት ወደ ገደል፣
እንደ ግትር በቅሎ አንገቷን እየጠመዘዘች ስትታገል፣
ስደርስ ትከሻዬ የኔ አልነበረም።

የአባ ዲጋ ጋራዥ አወቱ ወንዝ ዳር፣ ከቶርኖ ቤቱ ጎን ነው።
ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ገባ፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።
ዝም አለ። አንዴ በቁልፍ ቀጨል አደረገ፤
ከዚያ ሳቁ ከሻንሲው ስር ወጣ።
"ፈረሱን አሳድገህ፣
ልጓሙን በውርንጭላው ልክ ትተህ፣
እንዴት ነው እሺ ይለኛል ያልከው?
ና፣ ጎንበስ በል፣ እየው፦
የመሪው ሳጥን ሽቅብ ሄዷል፤ ጎማው እታች ቀርቷል፤
በመካከላቸው ያለው ዘንግ እንደ መሰላል ዘሟል።
ባሌስትራው በተነፈሰ ቁጥር ዘንጉ ይጎትታል፤
አንተ ሳታዝ ጎማው ይታዘዛል።"

አሮጌውን ዘንግ ነቅሎ ሞርሳ ላይ አሰረው።
ሦስት ቦታ የመዶሻ ጠባሳ፤
አባቴ ድንጋይ ላይ እያቃና፣ ለሌላ ቀን ያነሳ።
አንዱን ጠባሳ አውቀዋለሁ። የጎጀብ ቁልቁለት፣ ሌሊት፣
ስምንት ዓመቴ፣ ፋኖስ የያዝኩለት፤
እሱ ሲመታ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ፋኖሱም አብሮ ይርዳል፤
"ብርሃኑን ያዝ!" ይለኛል።

ሂንዲያ ቶርኖው ላይ ቆማ ወፍራም ቱቦ ቆረጠች፤
በአንዱ ጫፍ ግራ ጥርስ፣ በአንዱ ጫፍ ቀኝ ጥርስ አወጣች።
"ለምን አንዱ ግራ?" አልኳት።
ዓይኗን ከብረቱ ሳታነሳ፦
"ሁለቱም ቀኝ ቢሆኑ አንዱ ሲቀርብ አንዱ ይሸሻል፤
እንዲህ ከተቃረኑ ግን አንድ ዙር ሁለቱንም ይስባል።"
ፍቅፋቂውን ከጣቷ እፍ አለችው።

አባ ዲጋ አዲስ ክንድ አሰረ፤ ዘንጉ ከባሌስትራው በላይ አለፈ፤
አራት ቴስቲና፣ ግራሶ፣ ዳዶ፤ ኮፒሊያውን በፒንሳ አጠፈ።
በሲባጎ የጎማዎቹን ፊትና ኋላ ለካ፤
ፊቱ ሦስት ሚሊ ጠበበ። "በቃ" አለ፣
ዋጋውንም በጠመኔ ኮፈኗ ላይ ጻፈ።

አሮጌው ዘንግ አሁን የግቢያችን በር መወርወሪያ ነው።
እናቴ ማታ ማታ "ዛሬም አልቃና አለ" ትላለች፣ ስትዘጋው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው።
አጋሮ መንገድ፣ ዝናቡ ባባራ ማግሥት፣
ጉድጓዱን መታችው፣
አለፈች፣
እንደ ተወጠረ ክር።
እጄ ግን ሳላዘው ወደ ቀኝ ጎተተ፣
ዓመት ሙሉ የታገለውን፣ አሁን የሌለውን ጉተታ ሊመልስ፤
እሷ ቀጥ ብላ ሳለች እኔ አንገዳገድኳት።
ራህመቶ፣ ረዳቴ፣ በአንድ እጁ በሩን እንደያዘ፦
"ተዋት" አለኝ፣ "ታውቀዋለች።"