የመካከሉ ፊደል

ጆሪ ድንጋይ ቀራጭ ነው፣ ኮርንዎል ወደብ ላይ፤
ስም ይቀርጽ ነበረ በመቃብር ድንጋይ።
ዐሥራ አምስት ሲሞላኝ ተቀበለኝና፣
«መሮውን ያዝ» አለኝ፣ «አፍህን ዝጋና።»

አፌ ግን አልዘጋም። ትምህርት ቤት ሳለሁ
በፊደል ውድድር ሦስቴ አሸንፌያለሁ፤
ስሕተት ያየሁ እንደሁ እከክ ይነሣኛል፣
የማላውቀው ሰው በር ላይ ኖራ ያስይዘኛል።
ሥጋ ቤቱ መስኮት፣ «ሥጋ» ለማለት ሽቶ፣
«ትኩስ መገናኘት» ይላል ሰንብቶ፤
የኪቶም ጀልባ አለች፤ ለሽያጭ ወጥታ፣
«ለሸራ» ተብላ፣ ገዢዋን አጥታ።
ሲጠሩት አንድ ነው፤ ሲጽፉት ነው ጉዱ፤
ጆሮ ያሳለፈው ዓይን ላይ ነው ፍርዱ።

በኅዳር ላቭዴይ መጣች፤ ጨው በልቶታል እጇ፤
ስምንት ቀን ይዞት ባሕር፣ ተመለሰ ልጇ።
የጻፈችው በእርሳስ ነው፣ በብጣሽ ወረቀት፦
«ፔትሮክ፣ የኔ ሰን»። ሌላ ቃል የለበት።

ሰን ቢሉት ልጅ ነው፤ ሰን ቢሉት ፀሐይ፤
ጆሮ አይለያቸውም፤ ዓይን ነው የሚያይ።
ሦስት ሦስት ፊደል ናቸው፤ ዳር ዳራቸው አንድ ነው፤
ጠቡ ከመካከል፣ ከአንዷ ላይ የሆነው።
ቀለበት ይመስላል ልጅ የሚለው ፊደል፤
ፀሐይ የሚለው ግን አናቱ ላይ ጎደል፣
ዝናብ የሚጠብቅ ኩባያ ይመስል።
ክብነት ለፀሐይ መስሎኝ የሚገባው!
እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ ማን ጠይቆ ገባው?

ላቭዴይ የጻፈችው ፀሐዩን ነበረ።
«ተሳስታለች!» አልኩኝ፤ ላፒሴ በረረ።
ጆሪ እጄን ያዘው፦ «አንተ አልሞተብህም፤
ሂድና ጠይቃት፤ አፍ መቼም አያንስህም።»

ሮጥኩ ወደ ጨው ቤቱ። ሴቶቹ ተደርድረው
ሰርዲን ይረበርባሉ በበርሜል ጨምረው።
ትንፋሽ ሰበሰብኩና ደረስኩ ከጎኗ፤
ቀና አላለችም፤ ዓሣው ላይ ነው ዓይኗ።
«እመቤት፣ ወረቀቱ ላይ... ሰን ነው፣ ወይስ ሰን?»
ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት ራሴን።

«አዎ» አለች ላቭዴይ፣ ሌላ ዓሣ አንሥታ፤
«አዎ፤ እሱ ነው» አለች፣ በጨው ላይ አስተኝታ።

ፊደል ልቆጥርላት ምላሴ አልደፈረም፤
ሽልማቴ ሁሉ እዚያ አልነበረም።

ጆሪ መልሱን ሰምቶ፣ መሮውንም ስሎ፣
«ክፍቱን እንቀርጻለን» አለኝ ጎንበስ ብሎ፤
«ክፍት ከሆነ ይዘጋል፣ ነገ ብትመጣ፤
የተዘጋው እንደሁ፣ ከድንጋይ በምን ይውጣ?»

ለክስ አልመጣችም። እሑድ እሑድ ግን
በጣቷ ስትከተል አያለሁ ፊደሉን፤
ጣቷ ጎኑን ወጥቶ ከክፍቱ ላይ ሲደርስ
ይቆማል። አንዳንዴም ይሻገራል፣ ቀስ።
ጣቷን አልጠየቅሁም፤ አንዴ ጠይቄያለሁ፤
መልሱን እስካሁንም ስተረጉም አለሁ።

አሁን መሮው የኔ ነው። ጆሪም ላቭዴይም የሉ።
በባሕሩ በኩል ሸብቷል ድንጋዩ ሁሉ፤
ከዚያች ፊደል አናት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣
የድንጋይ ሽበት አለ፣ እንደ ቀጭን ምንጣፍ።
ከመንገድ ልጅ ይላል፤ ቀርቦ ላየው ፀሐይ።

አዲሱ ቄስ ትናንት ወረዱ ከላይ፣
የሽቦ ብሩሽ ይዘው፣ እጅጌ ሰብስበው፤
«ይፋቅ እንዴ?» አሉኝ፣ «እንዲለይ የቱ እንደሆነው።»
ብሩሹን ተቀበልኩ። ለኪቶ ጀልባ ይሆናል፤
ዛጎል ነው የወረሳት፣ ሆዷን ጨርሶታል፤
ገዢ አላገኘችም፤
«ለሸራ» የሚለው ግን ዛሬም ይነበባል።