ማርቶ

መዶሻዬ ትንሽ ናት፣ እጀታዋ ግን ረጅም፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ይዣት ለገሃር ስቆም፣
ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ አመሻሽ፣ ብረቱ ሳይበርድ፣
ጎንበስ ብዬ እግሩን አንድ በአንድ እየመታሁ ስሄድ፣
«ቅልን» ያለው ይለፍ፤
«ድፍ» ያለው ይገለል፣ ጋራዥ ይሰለፍ።
በጆሮ እንጂ በዓይን ስንጥቅ አይታይም፤
ሌላ ሙያ የለኝም።

ጡረታ ወጣሁ። አሮጌውን ሐዲድ አሸዋ በላው።
ከዚራ የጓሮዬን ክፍል፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን የሚያፈላው፣
ሦስት ልጆች ያዙት፤ ኢፍቱ ከጨለንቆ፣ ሮብሌ ከሽንሌ የመጣ፣
ዘውገ የገንደ ቆሬው፣ ወንበር ሳይኖረው ቬንትሌተር ያመጣ።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?»
«ሙሴ አበጋዝ፣ ቫይረስ እናድናለን፤
ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለን።
ጤነኛ ፋይል ቀን ከሌት እናሰማዋለን፣
እንግዳ ድምፅ የመጣ ለት ይነግረናል፣ እንነሣለን።»
ሐኪሞች መስለውኝ ነበር፤ ለካ አዳኞች ናቸው።
«ይኼማ የኔ ሥራ ነው!» ብዬ ሳቅኩባቸው፣
ማርቶዬን ከምስማሯ አውርጄ አሳየኋቸው።
በማግስቱ በራቸው ላይ፣ ኖራ በጣቱ ነክቶ፣
ዘውገ ጽፎት አየሁ፦ «ማርቶ»።

ግንቦት ገባ። ማሽኑን እንደ ሰው አተኮሰው፤
ሮብሌ እርጥብ አንሶላ መስኮቱን አለበሰው።
መብራት ሲሄድ ከጎረቤት ጄነሬተር ይለመናል፤
ሞዴላቸው ደግሞ ጥሬ ነው፣ ጥላ አይቶ ይጮኻል።
አንዴ የዱቄት ፋብሪካውን ደመወዝ «ሌባ ነው» ብሎ አሰረው፣
ጸሐፊዋ የሠራተኛውን ስም በሦስት ቋንቋ ስለጻፈችው።
ድፍን ድሬ እንዲያ አይደል የሚያወራው?
ሁለት ቀን ያልተከፈለው ወዛደር በሬ ላይ ሲጮህ ወጣሁ፣
ምን እላለሁ? ውኃ አጠጣሁ።

ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎርፉ እኛ ዘንድ አይዘንብም።
ደንገጎ ላይ ይዘንባል። እዚህ ሰማዩ ኮከብ፣ አሸዋው ደረቅ፣
የሚባንን የለም።
እንዲያው ሆኖ መጣ፤ መጋላ፣ ሐጂ በድሪ መድኃኒት የሚያከፋፍሉበት፣
ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት ደረሰኝ፣ ንጹሕ፣ ማኅተም ያላት፤
ማርቶ መታት።
«ቅልን» አለች። አሳለፋት።
ሲነጋ የኢንሱሊኑ መዝገብ፣ የዕዳው፣ ሁሉም ተቆልፏል፤
«ቁልፉን በዶላር ግዙ» ይላል።

ኢፍቱ ደረጃዬ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።
ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ከአፌ ሲወጣ አላቆምኩትም፤
«አይሻ ላይ ለሁለት የተከፈለው እግር፣ እኔ ነበርኩ ያሳለፍኩት።»
«ምን ዓይነት ድምፅ ሰጠ?»
«እንደ ጤነኞቹ። እንዲያውም ከጤነኞቹ ይልቅ የጠራ።»
ቀና አለች።
«ይልቅ የጠራ?»

ሦስት ሌሊት መብራታቸው አልጠፋም።
ማሽኑን እንደገና አስተማሩት፤ ስንጥቁን ብቻ አይደለም፣
እንከን የለሹንም እንዲጠረጥር፤
የሰው እጅ የነካው ደረሰኝ አንድ ፊደል መግደፉ አይቀርምና፣
ወይ ድምሩ፣ ወይ ቀኑ፣ ወይ የሻጩ ስም ጠመም ይላልና።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ከተማው ያወራዋል፤
ሁለት ባንክ ፈረመ፣ ሲሚንቶው ተከተለ፣
ከአዲስ አበባ የመጡ፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ያላወለቁ ሰዎች
ጓሮዬን ለክተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ልጆቹን ይዘው ሄዱ።
ሐጂ በድሪ ብቻ ቀሩ። እስካሁን በደብተር ነው።

ትናንት አዲሱ ቢሯቸው ሄድኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው መስታወት፤
የመዶሻዬ ስም በር ላይ፣ በብርማ ፊደል ተጽፎበት።
«ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ ዘበኛው። ልጅ ነው፣ አልፈረድኩበትም።
ማርቶን አልያዝኩም።
በጣቴ አንጓ በሩን ነካ አደረግኩት፣
ጆሮዬን ሰጠሁት።
ጥርት ያለ ድምፅ ነው ያለው።
ቆሜ፣
ደግሜ መታሁት።