ሦስት ነጥብ

ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው። በሞንቴቪዴዮ ዳር
ወንዙ ባሕር መስሎ ያጓራል፣ ከድንጋዩ ግንብ ጋር።
ኔሊዳ ኡሩቲ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ስድስተኛ መጽሐፏ ቆሞባታል፤ ቸግሯታል አንድ ጉዳይ፦
ሁለት ሰዎች አሏት፣ መጠፋፋት ያለባቸው፤
ግን ስልክ አለ ኪሳቸው።

ድሮ ቀላል ነበር። በፊተኞቹ መጽሐፎቿ
ደብዳቤ በዝናብ ይርስ፣ ባቡር ያመልጥ ነበር ከገጾቿ።
ፖስተኛው ይታመም ነበር። አንዲት ሴት ጣቢያ ወጥታ
ሰባት ምዕራፍ ትጠብቅ ነበር፣ የተሳሳተ ሰዓት ሰምታ።
አሁን ማን ይጠፋል? ካርታው ሰማያዊ ነጥብ አድርጎ
ሰውን ካለበት ያወጣል፣ ከየጥጉ ፈልጎ።

ስለዚህ ባትሪ ገደለች። ገጽ ሃያ ሁለት
ስልኩን ወንዝ ውስጥ ጣለችው፤ ገጽ አርባ ላይ ሰረቁት።
ገጠር ላከቻቸው በመጨረሻ፣ ኔትወርክ ወደሌለበት፤
እዚያስ ላሟ ራሷ ቁጥር አላት፣ ጆሮዋ ላይ የተበሳላት።

የእህቷ ልጅ ሚካኤላ ዳቦ ቤት አድራ መጥታ
ረቂቁን አነበበች፣ ሶፋው ላይ ከነጫማዋ ተኝታ።
«አክስቴ» አለች፣ «ስልኩን ለምን ትገያለሽ?
ሰው እኮ ስልኩን እንደያዘ ነው የሚጠፋው፤ አላየሽ?

እኔና ኤሴኪዬል አራት ወር አልተነጋገርንም።
ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሊጡ ኩፍ ሲል፣
ስሙ ሥር አረንጓዴ መብራት ይበራል።
እዚያ ነው። እዚህ ነኝ። ያውቃል።
አንዳንዴ ‹እየጻፈ ነው› ይላል፤ ሦስት ነጥብ ይዘላል፣
ውሃ ላይ እንዳለ ቡሽ።
ከዚያ ይቆማል።
ምንም አይመጣም።
ያንን ጻፊ።»

ልጅቷ ስትሄድ፣ ወንዙን፣ ሌባውን፣ ላሟን ሰረዘች፤
«ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ተኛ» ብላ አንድ መስመር ጀመረች።
ቻርጅ የሚለው ቃል አሳፈራት፤ አጠፋችው፣ መለሰችው፤
ማንኪያ፣ ጨው፣ ካልሲ ይጻፍ የለም? ብላ ተወችው።
ሴትዮዋን አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ ብርሃኑ አገጯ ሥር ያበራል፤
በዚያ ማዶ ሰውየው ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል።
የድሮዋ ሴት ሰባት ምዕራፍ የጠበቀችው ባቡር ይኸው መጣ፣
በሦስት ጎማ እየተንፏቀቀ፣ ከጣቢያው ሳይወጣ።

ነጥቦቹ እንዴት እንደሚዘሉ ልየው ብላ፣ ለመጽሐፉ ብላ፣
የራሷን ስልክ አነሳች። ወደ ታች ሄደች፣ ወደ ታች፣
ከባንኩ፣ ከጥርስ ሐኪሙ፣ ከሞቱት ሁለት ጓደኞቿ በታች፣
እስከ ሊቤር።

ወንድሟ ነው፤ ሳልቶ፣ የብርቱካን እርሻ አጠገብ።
የአባታቸው ቤት ከተሸጠ ስድስት ዓመቱ።
የመጨረሻው መልእክት፦ «ቁልፉን ጎረቤት ጋ ትቼዋለሁ።»
ከሥሩ ነጭ ሜዳ።
ከላዩ፣ በዚህ ሌሊት፣ አረንጓዴ መብራት።

«እንደም» ብላ ጻፈች። አጠፋች።
«ቤቱ» ብላ ጻፈች። እሱንም።
«ብርድ አለ እዚያ?»
ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

በኛ ፊደል ቢሆን፣ ነገር የሚቋጨው በአራት ነጥብ ነው፤
ከሦስቱ ላይ አንድ ብቻ፣ አንዲት ጠብታ ነው የጎደለው።

ሳልቶ ላይ አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ይፈልጋል፤
ያጣዋል፤ ስልኩን ከዓይኑ ያርቃል፣ ያቀርባል፤
ያነባል፦
ኔሊዳ እየጻፈች ነው…