ሦስተኛው መጥረግ

ጥር ነው፤ ታርቱ ላይ ወንዙ ተጋግሯል፤
የማይሙ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሲጥ ይላል።
«ካልሲ አጥልቆ ጫማ፣ ጫማ አጥልቆ ካልሲ ያው ነው የምትል፣
ውጣና ወንዙ ላይ አሥር እርምጃ ቁጠርልኝ በል!»

ድሮ ያስተማሩን፦ ዳር ራሱ ዳር የለውም፣
የለውጥ ለውጥ ባዶ ነው፤ ሁለቴ ነክተህ ምንም።
«ሀለ» ከ«ለሀ» በተለየበት አገር ግን፣
ሁለተኛው ለውጥ አንዳች ይተዋል፤
ስም የለውም፣ ቀጭን።

ዳስተሩን አነሳች። አንዴ ስትጠርግ ጥላው ቀረ፤
ሁለቴ፣ ጭጋግ ነበረ፤
ሦስቴ
ጥቁር።
«ዜሮ» አለች፣ ማንም ሳይናገር።

«ሦስቴ ዞሮ አንድ የሚሆን ቁጥር ነው የዚች ዜሮ ጠባቂዋ።»
ካልዮ፣ ከኋላ ወንበር፣ ሌላ ያያል፦
እስከ ክርኗ ድረስ
ነጭ ሆኗል እጅጌዋ።