ሦስተኛው መታጠፊያ

ከሰል ቆፋሪዎች ገላ የታጠቡበት፣
ዛሬ ምንጣፍ ለብሷል የኦስትራቫው ቤት።
ልብስ ይሰቀልበት የነበረው ሰንሰለት
ከጣራው ላይ ቀርቷል፣ የሚያወርደው የለበት።
ቅዳሜ ጧት ሲሆን በሩ ይከፈታል፤
የጎማ፣ የሙጫ፣ የብየዳ ጢስ ይሸታል።

እኔ ኦታካር ነኝ፤ ክሬን ነጂ ነበርኩ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰው በላይ ኖርኩ።
ሃያ ቶን የጋለ ብረት አንሥቼ፣
እንደተኛ ሕፃን፣ ትንፋሼን ገትቼ፣
ከወለል አሳርፍ ነበር፣
በሁለት ጣት ብቻ።

ጡረታ ሲመጣ ጣቶቼ ሥራ ፈቱ፤
በማንኪያው፣ በቁልፉ ተርበተበቱ።
የጎረቤቴ ልጅ ቭላስቲሚል ነው ያኔ
"እስቲ ይሞክሩት" ያለኝ፣ መቆጣጠሪያውን ከመዳፌ አኑሮ።
ክንድ የማታህል መኪና፣ ኪሎ ተኩል የማትሞላ፣
ምንጣፉን ሰንጥቃ ሄደች ነፍሴን አስከትላ።
ጣቶቼም ቀጥ አሉ።

ደስታውን በምን ልንገራችሁ?
ከመድረኩ ላይ ቆመን፣ ዐሥር ሰው ተሰልፈን፣
እሷ ስትታጠፍ አብረን እንታጠፋለን።
ዝላዩ ላይ ስትነሣ እስትንፋስ ይቋረጣል፤
በአራት ጎማ ስታርፍ ከየደረቱ ይወጣል።
የጥርስ ሐኪሙ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ጡረተኛው እኔ፣
አምስት ደቂቃ ሙሉ እኩል ነን በወኔ።

"ነን" አልኩ?
ነበርን ልበል።

ደረሰኞቼን ሁሉ በየዓመቱ ደርድራ፣
ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች ሚስቴ ድራሆሚራ።
ምንም አላለችም። መነጽሬን ብቻ አቀበለችኝ።

መመዝገቢያው ሰማንያ ኮሩና ነበር ስጀምር፤
ዛሬ አራት መቶ ነው፣ ምሳና ቢራ ሳይጨምር።
ጎማው ድሮ ክረምቱን አብሮኝ ይከርም ነበር፤
አሁን ጧት ይገዛል፣ ማታ ሊቀበር።
ሞተሩ በየዓመቱ "አዲስ መጣ" ይባላል፤ የአምናው አንገቱን ይደፋል።
ባትሪው እንደ ጠገበ ሰው ሆዱን ነፍቶ ይሞታል።
አንድ ታኅሣሥ ብሎን ገዛሁ፣ ስድስት ፍሬ፤
ከታይታኒየም ናቸው አሉኝ። የገናው ዓሣ ቀረ።
ድራሆሚራ ድንች ቀቀለች።
መኪናዬ በአራት ግራም ቀለለች፤
ገበታችንም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤
ወረቀቱን እሷ ይዛለች፣ ሞኙ እዚህ ቆሟል።

በኅዳር ሸጥኳት። የማሞቂያው ሂሳብ መጥቶ ነበር፣
ቀይ ማኅተም ያለበት።
የገዛት ሰው ጥሩ ሰው ነው፣ አልተከራከረኝም፤
"ለመለዋወጫ ነው" አለ፣ ሊያስከፋኝ ብሎ አይደለም።
ለልጁ ለክቪዶ፣ ለዐሥራ አንድ ዓመቱ፣
ሦስት መኪና አለው፣ ሙሉ ቫን መሣሪያ አለው ከቤቱ።

ቅዳሜ ግን እግሬ የት ያውቃል ሌላ መንገድ?
የተገለበጠ ለሚያነሣ መግቢያው በነፃ ነው።
ስለዚህ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እቆማለሁ፣
ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ።
አራት ያህል ጊዜ በአንድ ዙር ልጆች ይገለበጣሉ፤
አጎንብሼ አነሣለሁ፤ "አመሰግናለሁ" ብለው ይጮኻሉ፣
ዓይናቸውን ከመኪናቸው ሳያነሡ።

ዛሬ የክቪዶ ናት የተገለበጠችው፣
ጎማዎቿ ሰማዩን እየፈጩ።
ሳነሣት የፊት ክንዷ ላይ ሰማያዊ ነጥብ አየሁ።
የጥፍር ቀለም ነው። የድራሆሚራ።
ከአምስት ዓመት በፊት፣ ግራው ከቀኙ እንዳይምታታብኝ
እሷ ነበረች የቀባችልኝ፣
ምላሷን በጥርሷ ይዛ።

ሞተሩ መዳፌን አሞቀው።
ከመድረኩ ላይ ልጁ ጠራኝ፤ ስሜን አያውቅም፣
"ሦስተኛ! ሦስተኛ!" አለ፣ የቆምኩበትን።
እንደተኛ ሕፃን፣ ትንፋሼን ገትቼ፣
አሳረፍኳት። ሄደች።

ሁለት ሰከንድ ይዣት ነበር።
እዚህ ቤት ሁለት ሰከንድ ውድ ነው፤
የከፈለውም ልጁ ነው፣ አንድ ደረጃ ወርዶ።
በዚህ ሁሉ ዓመት ከወሰድኩት ነገር ሁሉ
ደረሰኝ የሌላት እሷ ብቻ ናት።